የነጩ ቀሚስ ጠርዝ

«ይሄ ምንድን ነው?» አለ አባቷ፣ የነጩን ቀሚስ ጠርዝ ወደ መስኮቱ ብርሃን እያስጠጋ።

ልጅቷ ዞራ ማየት አላስፈለጋትም። የደም ጠብታዋ ምስር የምታክል እንደሆነች፣ እንዴት እዚያ እንዳረፈችም ከማንም በላይ ታውቃለች። ከምሳ በኋላ በአባቷ ስፌት ቤት አግዳሚው ላይ ተቀምጣ ከሙሽራዋ ቀሚስ ጊዜያዊውን ክር ስትነቅል፣ የቀሚሱ ጫፍ ሥሯ ገብቶ ኖሯል። ብድግ ስትል አየችው። ከዚያ ወዲህ መጸዳጃ ቤት ገብታ ወጥታለች፣ ሹራቧን ወገቧ ላይ አስራለች፣ ለማንም ግን ትንፍሽ አላለችም።

በባዮሎጂ ፈተና ስለ ወር አበባ ከተጠየቀችው አንዱንም አልሳተችም። ሆርሞኑን፣ እንቁላሉን፣ የማህፀኑን ግድግዳ ሥዕሉ ላይ ሳይቀር አመልክታለች። ልብ እንዲህ እንደሚመታና ሆድ ከታች እንዲህ እንደሚጎትት ግን ፈተናው ላይ አልነበረም። እናቷ ያረፈችው ደግሞ እሷ ገና ዳዴ ስትል ነው። አባቷን ትወደዋለች፣ የማታወራው ነገር የለም፤ ይህን ግን ምን ብላ ትጀምረዋለች? መሬት ተከፍታ ብትውጣት ይሻላት ነበር።

አባቷ ወደ ጥግ ዞረ። እዚያ ቁልፍና ጠርዝ በእጅ የሚሰፉት አሮጊት መነጽራቸውን አፍንጫቸው ጫፍ ላይ ሰቅለው ተቀምጠዋል።

«እትዬ፣ ደግሞ ጣትዎን ወጉት?»

አሮጊቷ ቀና አሉ። መጀመሪያ ቀሚሱን፣ ቀጥሎ የልጅቷን ወገብ አዩ። በዚህ ሙቀት ሹራብ! ዓይናቸው እዚያው ትንሽ ቆየ።

«ሳልወጋው አልቀረሁም» አሉ በቀስታ።

«ሙሽራዋ እኮ አሁን ልትመጣ ነው! እንዲያው ምን ይሻለኛል?» ክፉ ሰው አልነበረም፤ ሲጨንቀው ግን አፉ ይቀድመዋል። «አይቀየሙኝ፣ ዓይንዎ ደክሟል። ከዛሬ ጀምሮ ነጭ ሥራ አይንኩ። ሱሪ ሱሪውን ይያዙ።»

አሮጊቷ መርፌያቸውን ሰክተው አስቀመጡ። ልጅቷ ግን ምን እንደተወሰደባቸው ታውቃለች። ነጭ ጨርቅ ከመንካታቸው በፊት እጃቸውን ሁለቴ የሚታጠቡ፣ በመንገዱ ሙሽራ ባለፈች ቁጥር በር ላይ ወጥተው «ያቺ ጠርዝ የኔ ናት» የሚሉ ሰው ናቸው።

«በሉ እንግዲህ፣ ጨርሶ ሳይደርቅ ምራቅዎን ያድርጉበት» አለ አባቷ።

በዚህ ስፌት ቤት ይህን የማያውቅ የለም። መርፌ የወጋው ሰው ደሙ ጨርቅ ከነካ፣ ክር አድቦልቡሎ በራሱ ምራቅ አርሶ ያሸዋል። የሌላ ሰው ምራቅ አይሠራም ይላሉ፤ ባለደሙ ራሱ መሆን አለበት። አሮጊቷ ነጭ ክር አድቦልቡለው ተነሡ። በልጅቷ አጠገብ ሲያልፉ «ዝም በይ፣ እኔ እወጣዋለሁ» ብለው ሹክ አሏት።

ዝም ማለት ቀላል ነበር። አባቷ ምንም ሳያውቅ ነገሩ በዚያው ያልቅ ነበር። ግን ነገ እሳቸው ጥግ ላይ የሱሪ ጠርዝ ሲሰፉ እያየች እንዴት ትውላለች?

«ይስጡኝ፣ እማማ» አለች፣ ድምጿ ቀጥኖ። ክሩን ከእጃቸው ወሰደች። «አባዬ፣ ደሙ የሳቸው አይደለም። የኔ ነው።»

«አንቺ ነሽ እንዴ የተወጋሽው? እስቲ አሳዪኝ!» ቁጣው ወዲያው ጠፋ። እጇን ይዞ ጣቶቿን አንድ በአንድ አገላበጠ። ሁሉም ደህና ናቸው።

«ጣቴ አይደለም» አለች።

አባቷ ወገቧ ላይ ያለውን ሹራብ አየ። ከዚያ ፊቷን። አንገቱ ላይ የተንጠለጠለውን ሜትር ያለ ምክንያት ጠቀለለው፣ መልሶ ፈታው።

እሷ ክሩን በምራቋ አርሳ ጠርዙን ማሸት ጀመረች። ጠብታዋ እየሳሳች ሄዳ ጠፋች።

«እትዬ» አለ አባቷ በመጨረሻ፣ «ይቅር ይበሉኝ። ነጩን ሥራ ከእርስዎ የሚወስድ የለም።»

«እሱን ተወውና ለልጅህ ድረስላት» አሉት። ከሳጥናቸው ንጹሕ የጥጥ ጨርቅ አውጥተው አጣጥፈው ሰጧት። «ይሄ ለጊዜው ያደርስሻል። አይዞሽ የኔ ልጅ፣ በሽታ አይደለም። እኔም ሙሽራዋም ያየነው ነው።»

ከመጸዳጃ ቤት ስትመለስ አባቷ ኮቱን ለብሶ በር ላይ ቆሟል።

«ሱቅ ደርሼ ልምጣ» አለ፣ ጉሮሮውን እየጠረገ። «ይሄ ሞዴስ… በልክ ነው የሚሸጠው? ቁጥር ስንት ልበል?»

አሮጊቷ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። ልጅቷም እንባ ዓይኗ ላይ እንዳቀረረ ሳቀች። ዕድሜ ልኩን የሰፈሩን ሴት ሁሉ ሲለካ የኖረ ሰው!

ጥግ ላይ ቁጭ ብላ ልትጠብቀው ትችል ነበር። ሱቁ በዚህ ሰዓት በክፍሏ ልጆች ጢም እንደሚል ታውቃለች። አባቷ ደግሞ እዚያ መሀል ቆሞ ምን ብሎ እንደሚጠይቅ አሰበች።

«ቆየኝ» አለችው፣ ሹራቧን እያጠበቀች። «አብሬህ እሄዳለሁ።»