የጨርቁ ጫፍ

ጦሩ ወንዙን በተሻገረ በሁለተኛው ዓመት፣ በዝናቡ ወር መግቢያ ላይ፣ የአንድ አናጺ ሚስት በገዥው ቤት የጓሮ በር ገባች። ባሏን ድልድይ እንዲሠራ ከጦሩ ጋር ወስደውታል፤ እርሷን ደግሞ ጡቷ ሙሉ ነው ብለው ለሕፃኑ ወራሽ የጡት እናት እንድትሆን መረጧት፤ መንግሥት ከዚያ ጎጆ የወሰደው እንግዲህ ይህንን ብቻ ነበር። የጓዳው አዛዥ ደንቡን ቆሞ አነበበላት፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ወተቷ የወራሹ ነው፤ ለሌላ አፍ ጠብታ እንኳ ብታካፍል ከግቢው ትባረራለች።

ሌላው አፍ የአራት ወር ሴት ልጇ ነበረች።

የሴቲቱ ታላቅ እህት በዚያው ግቢ ልብስ አጣቢ ስለነበረች ሕፃኗን በአንሶላ ቅርጫት ውስጥ ሸሸገችላት። እናትየው የረጠበ ጨርቅ ላድርስ እያለች ወደ ማጠቢያ ቤቱ ትወርዳለች፤ አጥብታ ትመለሳለች። ምልክታቸው ታጥፎ ወደ ላይ የሚወጣው የወራሹ የሽንት ጨርቅ ነበር፤ ጫፉ ወደ ውጭ ከታየ «ርቧታል፣ ነይ» ማለት ነው፤ ወደ ውስጥ ከገባ «አትምጪ»።

ሁለት ሕፃን ሌት ተቀን ማጥባት ግን ጉልበቷን ጨረሰው። ምግብ አብሳይዋ ሁኔታዋን አይታ ከገዥው ማንቆርቆሪያ የተረፈውን ጥቁር ቡና ቀዳችላት።

«ጠጪ እንጂ፤ ቆመሽ እኮ ነው የምታንኮራፊው።»

«ልጁን አይጎዳውም?»

«የምትጠጪው አንቺ፤ እሱ ምን አገባው?»

ይህ ፍርድ ለሦስት ሳምንት ሕግ ሆኖ ጸና። አንዱ ስኒ ሦስት፣ ሦስቱ ስምንት ሆነ፤ ወራሹም እንቅልፍ እምቢ አለ። ዓይኑን አፍጥጦ ጣሪያ ያያል፤ በር ሲንኳኳ ይደነግጣል። አያቱ ትልቋ እመቤት ግን ደስ አላቸው።

«አያችሁልኝ! ጠላት ከወንዙ ማዶ ሳለ የኔ ልጅ አይተኛም! ጸሐፊ፣ ጻፍ እንጂ!»

የቤቱ ታሪክ ጸሐፊም ጻፈ፤ «ገና ከጡት ሳይለይ ስለ ሕዝቡ ይተጋ ነበር።» በታችኛው ቤት፣ ያንኑ ወተት የምትጠባው ልጅም እንዲሁ አፍጥጣ ትውል ነበር፤ እዚያ ግን ስሙ ትጋት አልነበረም፤ አክስቷ ነጭናጫ ትላታለች።

ወራሹ መክሳት፣ እጁም መንቀጥቀጥ ሲጀምር አሮጊቷ አዋላጅ ተጠራች። ልጁን ትታ የአጥቢዋን አፍ አሸተተች።

«ስንት ስኒ ነው በቀን?»

«ስምንት... አንዳንዴ ዘጠኝ፣ እማማ።»

«ቡናው በጡትሽ አድርጎ ይደርሰዋል፤ ጨቅላ ደግሞ ቶሎ አይወጣለትም፤ ይጠራቀምበታል። አንድ ሁለት ስኒ ብትጠጪ ማን ይናገርሽ ነበር? ዘጠኝ!» ድምጿን ዝቅ አደረገች። «ደግሞ አንድ ልጅ እንዲህ አያደክምም። ስንት ናቸው?»

ሴቲቱን እንባ ቀደማት። አዋላጇ ለእመቤቲቱ የቡናውን ነገር ብቻ ተናገረች፤ ሌላውን ዋጠችው።

ቡናው ቀረ። በአራተኛው ቀን ረፋድ ላይ ወራሹ ጡት እንደጎረሰ እንቅልፍ ወሰደው፤ እርሷንም ወንበሩ ላይ እንዳለች ይዟት ሄደ። ቤቱ ሁሉ ኮቴውን አጠፋ። እመቤቲቱም ነገሩን እጅግ ስለወደዱት፣ ልጁ እስኪወፍር ድረስ ከክፍሉ ንቅንቅ እንዳትል አዘዙ፤ በሩ ላይ ዘበኛ ቆመ።

በማግስቱ የመጣው ጨርቅ ጫፉ ወደ ውጭ ነበር። በሦስተኛውም ቀን፣ በአምስተኛውም።

«ጋሼ፣ ላንድ አፍታ ልውረድ፤ ይቺን ጨርቅ አድርሼ...»

«አምጪ፣ እኔ አደርስልሻለሁ። አንቺ ተኚ ተብለሻል፤ እንዲህ ያለ ትእዛዝ ለኔ በወጣ!»

እውነቱን ብትናገር እህቷም አብራ ትባረራለች፤ ሦስቱም በዚያ ዝናብ ሜዳ ላይ መውደቃቸው ነው። በስምንተኛው ቀን ግን ቆረጠች፤ ነገም ጫፉ ወደ ውጭ ከመጣ እመቤቲቱ እግር ላይ ወድቃ ሁሉንም ልትናገር።

በዘጠነኛው ቀን ጠዋት ጨርቁ መጣ። ጫፉ ወደ ውስጥ ገብቷል።

ጨርቁን ፊቷ ላይ አድርጋ ሳቀች፤ የመጣላትን ምግብ ጥርግ አድርጋ በላች፤ ተኛችም።

በአሥራ አምስተኛው ቀን ስትለቀቅ እየሮጠች ወረደች። ቅርጫቱ ውስጥ አንሶላ ብቻ ነበር።

«የፍየል ወተት ባጠጣት አልተስማማትም» አለች እህቷ፣ እጇን ከሳሙናው ውኃ ሳታወጣ። «ስምንት ቀን ታገለች።»

«እትዬ... ጫፉን ወደ ውስጥ አጥፈሽልኝ ነበር እኮ።»

«ከዚያ ወዲያ ነይ ብዬ ለምን ልጥራሽ?»

ወራሹ አድጎ ገዥ ሆነ፤ ስለ ሕፃንነቱ ትጋት በቤቱ የታሪክ መጽሐፍ ሁለት ሙሉ ገጽ ተጽፎለታል። ድልድዩም ርዝመቱ ሳይቀር ተመዝግቧል፤ ሠሪው ግን ይመለስ አይመለስ የሚል የለም። የጡት እናቲቱ አንድ መስመር ደርሷታል፤ ጸሐፊው በዚያ ክፍል ደጅ ሲያልፍ ያየውን ነው የጻፈው፤ ውሸት አልጨመረበትም፤ «ደግ ሴት ነበረች፤ ብቻ እንቅልፍ ታበዛ ነበር።»