ወደ ኋላ የገባችው ላንድሮቨር

ላንድሮቨሯ ከእብናት ወጥታ ብዙም ሳትርቅ መንቀጥቀጥ ያዛት። መጀመሪያ ወለሉ ተርገበገበ፤ ቀጥሎ መሪው የሾፌሩን የአድማሱን ክንድ እስከ ትከሻው ያርገፈግፈው ጀመር። የሐምሌ ዝናብ መስታወቱን ይገርፋል። ከኋላ ምጥ የጠናባት ውብአለም የጎረቤቷን የትርንጎን እጅ ጨብጣ ታቃስታለች። ሕፃኑ በእግሩ መጥቷል፤ የአገሩ አዋላጆች «ደብረ ታቦር ሆስፒታል ካልደረሰች አትተርፍም» ብለው ነበር የላኳት።

አድማሱ ቁልቁለቱ ላይ ማርሹን ነፃ አድርጎ ለቀቃት። ሞተሩ ጋብ አለ፤ መንቀጥቀጡ ግን አልቀረም። እንግዲያው ሕመሙ ከሞተሩ አይደለም፤ ከታች፣ ኃይሉን ለኋላ ጎማዎች ከሚያደርሰው ዘንግ ነው። ያንን ዘንግ ደግሞ ባለፈው ሳምንት ፈትቶ የገጠመው እሱ ራሱ ነው። ራስ ሳይጠና ጉተና እንዲሉ፣ መካኒኩ ሙላቴ «ሳትለየው በፊት ምልክት አድርግበት፤ ጫፍና ጫፉ ካልተስተካከለ ታንቀጠቅጥሃለች» ቢለው «ዓይኔ ምን ሊሠራ!» ብሎ ስቆበት ነበር።

ወርዶ ማየት ነበረበት። ፈራ። ሰው ላይ ማላከክ ይቀላል። በመስታወቱ ሲያይ የውብአለም አባት፣ የቅኔ መምህሩ መሪጌታ ሀብተማርያም፣ ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ።

«ምንድን ነው የሚደግሙት?»

«ውዳሴ ማርያም ነው፣ ልጄ።»

«መኪናዋ የታመመችው እርስዎ ከተሳፈሩ ወዲህ ነው! በድግምትዎ ገደል ሳይከቱን ይውረዱልኝ!»

በቀበሌው የውይይት ክበብ «ድግምት የሚባል ነገር የለም» እያለ የሚከራከረው አድማሱ፣ ሽማግሌ በዝናብ አወረደ። ውብአለም «አባቴን!» ብላ ጮኸች። መሪጌታ ጋቢያቸውን ተከናንበው ጭቃው ውስጥ ቀሩ።

መንገዱን የሚያቋርጠው ወንዝ ሞልቶ ነበር። አድማሱ የፊት ጎማዎቹንም ኃይል አስይዞ ገባበት። ውሃው በበሩ ሥር ሰረገ፤ ጎርፉ የመኪናዋን ኋላ ገፋው፤ ጎማው ድንጋይ ቧጥጦ ወጣ። ወዲያ ማዶ ዳገቱን ስትይዝ ከሥር አንድ ነገር ቋ! ብሎ ተሰበረ።

በጀርባው ተንሸራቶ ከሥሯ ገባ። የዘንጉ መጋጠሚያ፣ ክሮቼራው፣ ተሰብሯል። ጫፍና ጫፉ ተጣሞ መገጠሙ ፊት ለፊት ይታያል። ጆሮው እስኪግል አፈረ።

«ምን ሆነች?» አለች ትርንጎ።

«ብሎን ነው» ብሎ ዋሸ።

አመሻሹ ላይ ከገደሉ ጅብ ጮኸ። ዘንጉን ጨርሶ አውጥቶ በፊት ጎማዎች ብቻ መሄድ ነው የቀረው፤ ግን ብረቱ ከባድ ነው፣ በአንድ እጅ ይዞ በአንድ እጅ አይፈታም። ሲታገል ጭቃ የለበሱ እግሮች ከጎኑ ቆሙ። መሪጌታ በአቋራጭ ወርደው በእግረኛ የግንድ ድልድይ ተሻግረዋል። ጭቃው ላይ ተኙና ዘንጉን በደረታቸው ደገፉለት። ቢሰድቡት ይሻለው ነበር። ዘንጉ ወጣ፤ አብረው ተሳፍረው ጉዞ ቀጠሉ።

የመጨረሻው አቀበት ላይ የፊት ጎማዎች እየተሽከረከሩ መሬት መያዝ አቃታቸው፤ ክብደቱ ሁሉ ወደ ኋላ ሄዷል። አድማሱ መኪናዋን አዙሮ አፍንጫዋን ወደ ቁልቁል አደረገና በኋላ ማርሽ መውጣት ጀመረ። አሁን ክብደቱ በሚጎትቱት ጎማዎች ላይ ወደቀ። መሪጌታ ወርደው በገደሉ ጠርዝ እየሮጡ «ወደ ግራ! ቁም! አሁን ና!» ይሉታል። ደብረ ታቦር የገቡት እንደዚያው በኋላ ማርሽ ነው፤ አምሽቶ ከገበያ የሚመለሰው ሰው እየሳቀ «ሰካራም!» አላቸው።

ውብአለም ወደ ውስጥ እንደገባች መሪጌታ ከበሩ ሥር ተቀምጠው ተንሰቀሰቁ።

«ልጄን ልገድላት ነበር! ስታወርደኝ ጊዜ ‹ስብርብር ይበልብህ› ብዬ ረግሜሃለሁ። የሰበራት የኔ አፍ ነው።»

በዙሪያው የቆመው ሰው «እውነት ነው» እያለ ራሱን ነቀነቀ። አድማሱ ዝም ቢል ማንም አያውቅበትም። ዝም ማለትም አማረው።

«አይደለም፣ መሪጌታ። ዘንጉን አጣምሜ የገጠምኩት እኔ ነኝ።»

«ስታወርደኝ ታውቅ ነበር?»

«ጠርጥሬ ነበር።»

ሽማግሌው ትክ ብለው አዩት። አድማሱ ያ ጎርፍ ምነው በወሰደኝ ብሎ ተመኘ። ቆይቶ ከውስጥ የሕፃን ልቅሶ፣ ከዚያም የትርንጎ እልልታ ተሰማ፤ «ሁለቱም ደህና ናቸው!»

መሪጌታ ተነሥተው ጥቂት ተራመዱና ዞሩ።

«ና እንጂ! ምን ቆመሃል? አንተ አይደለህ ያመጣሃት?»

አድማሱ ተከትሏቸው ገባ። ቀና ብሎ ሊያያቸው ግን አልቻለም።