የተዘለለው አንድ ሰዓት

ሀጅ ኢክሪማ ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ባለው ቪላቸው ደረጃ ሥር ሞተው ሲገኙ ቤቱ ውስጥ የነበረችው ሠራተኛቸው ኒዕማ ብቻ ነበረች። ሸሚዛቸው ደረቱ ላይ ተቀዷል፤ ስለዚህ ፖሊስ «ተገፍትረው ነው» አለ። ኒዕማ ጓሮ ልብስ እያጠበች እንደነበረ፣ የማሽኑ ጩኸት ምንም እንዳላሰማት ብትናገርም የሚያምናት አጣች። ያንኑ ቀን አሰሯት።

ጉዳዩን የያዘችላት ወሰንየለሽ ናት። ደሴ ላይ ወንጀል መርማሪ ነበረች፤ ካርቱም ከመጣች ወዲህ ለታሰሩ ያገሯ ልጆች ትሟገታለች። ጣቢያው ግን አሰለቻት። አንዱ ወደ ሌላው ይልካታል፣ ሌላው «ቡክራ ነይ» ይላታል፤ ነገ ስትመጣም ያው «ቡክራ» ነው። በመጨረሻ መርማሪው መኮንን ዛኪር፣ ማዕረጉ ነቂብ ማለትም ሻምበል የሆነው፣ አስገባትና ነገሩ ያለቀለት መሆኑን ነገራት።

«የሟቹ የወንድም ልጅ ሂሻም የወጣው ከዐስር፣ ከከሰዓት በኋላው ሶላት፣ በፊት ነው፤ የበሩ ካሜራ ሰዓቱን መዝግቧል። ሀጅ ከሶላት በኋላ ለሚስታቸው ደውለዋል። ከዚያ ወዲያ የገባ ሰው የለም። ማን ቀረ?»

ቀረጻውን ካላየሁ አልሄድም አለች። በሙቀት በታፈነው ክፍል ውስጥ፣ መብራቱ እየሄደ እየመጣ፣ ፖሊሶቹ ያላዩትን የዚያኑ ዕለት የለቅሶ ምሽት ሳይቀር ተመለከተች። የፀሐይ መጥለቂያው ሶላት፣ መግሪብ፣ ሲቃረብ የምስሉ ሰዓት ድንገት አንድ ሰዓት ወደፊት ዘለለ። ዛኪር መብራት ጠፍቶ ነው አላት። እሷ ግን መልሳ መላልሳ አየችው። በሩ አጠገብ አንድ ሽማግሌ ከኢብሪቅ፣ ከማንቆርቆሪያ፣ ውሃ እያፈሰሱ ለሶላት ውዱእ ያደርጋሉ፤ እጃቸውን ይታጠባሉ። ሰዓቱ ሲዘልል ውሃው እየወረደ ነበር፤ ከዘለለም በኋላ በዚያው እጃቸው ላይ እየወረደ ነው።

ከጣቢያው ወጥታ፣ ቡሪ ሰፈር ከወላጆቿ ጋር ወደሰነበተችው ወደ ሟቹ ሚስት ወደ ሀኒፋ ሄደች። ሀኒፋ መጀመሪያ ልታናግራት አልፈለገችም። ቆይታ ግን ባሏ በየቀኑ ከዐስር በኋላ እንደሚደውልላት፣ በመጨረሻው ጥሪው በጣም ተናዶ እንደነበረ ነገረቻት። በቤተሰቡ የመድኃኒት መጋዘን ውስጥ ቀኑ ያለፈበት የስኳር በሽታ መድኃኒት አዲስ ቀን ተለጥፎበት አግኝቷል፤ ለመንግሥት ሊያመለክት ነበር። መጋዘኑን የሚያስተዳድረው ሂሻም ነው።

ካሜራውን የገጠመው ኦሊያድ የሚባል ኢትዮጵያዊ ነበር። ሀጅ በሞቱበት ቀን እስከ ማታ አል-ጣኢፍ ሰፈር ሌላ ቤት ሲሠራ ነው የዋለው፤ ባለቤቶቹም መሰከሩለት።

«እትዬ ወሰን፣ የካሜራው መቅረጫ በራሱ ሰዓት አያውቅም» አላት። «በኔትወርክ ሌላ ኮምፒውተር ይጠይቃል፤ ያ የሰዓት ሰርቨር ይባላል። የተባለውን ያምናል። አንዱ ቢሳሳት ሌሎቹ እንዲያርሙት እኔ ሁልጊዜ አራት ነው የምመርጥለት።»

«የይለፍ ቃሉን ማን ያውቃል?»

«ሀጅ፣ እኔ፣ ሂሻም። እንዲያውም ሂሻም በቅርቡ፣ መቅረጫው ሰዓቱን ከላፕቶፑ እንዲወስድ ማድረግ ይቻላል ወይ ብሎኝ ነበር። ይቻላል ግን አይመከርም አልኩት።»

ዛኪርን ለማሳመን ሁለት ቀን ፈጀባት። በመጨረሻ ቪላው ሳሎን ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ። ሂሻም ጉዳዩ ለምን እንደሚጓተት እያጉረመረመ ተቀመጠ።

«ከኢብሪቅ አንድ ሰዓት ሙሉ ውሃ አይወርድም» ብላ ጀመረች ወሰንየለሽ። «ያ ሰዓት አልጠፋም፤ መጀመሪያውኑ አልነበረም። መቅረጫው ቀኑን ሙሉ በአንድ ሰዓት ወደኋላ ቀርቶ ውሎ ያኔ ተስተካከለ እንጂ።»

ዛኪር ማስረጃ ጠየቃት።

«የእርስዎ መኪና» አለችው። «በምስሉ ሰዓት መሠረት ጣቢያው ገና ሳይጠራ ደርሳለች።»

ዛኪር አንገቱን ደፋ። እሷ ቀጠለች። የጥሪውን ሰዓት የመዘገበው የስልክ ድርጅቱ ስለሆነ እውነተኛ ነው። የበሩ ሰዓት ከተስተካከለ ሂሻም የወጣው ከጥሪው በፊት ሳይሆን በኋላ ነው። አጎቱ በየቀኑ ከዐስር በኋላ እንደሚደውሉ ስለሚያውቅ፣ ጠዋት መቅረጫው ሰዓት ከላፕቶፑ እንዲወስድ አደረገ፤ የላፕቶፑን ሰዓት ቀድሞ ወደኋላ መልሶታል። ማታ ከለቀስተኛው ጋር ገብቶ አስተካከለው።

ኦሊያድን መቅረጫውን እንዲከፍት ነገረችው። በአራቱ ሰርቨሮች ቦታ አንድ ብቻ ተጽፏል።

«ይኼን እኔ አልመረጥኩም» አለ ኦሊያድ።

«የቀድሞዎቹን ስም ስላላወቀ ያገኘውን ጻፈ» አለች። «ኒዕማ የይለፍ ቃሉን አታውቅም፤ ማታም እስር ቤት ነበረች። ኦሊያድ አል-ጣኢፍ ነበር። ሀጅ ሞተዋል። የቀረው አንድ ሰው ነው።»

ሂሻም ወደ ሀኒፋ ዞረ። «አጎቴ ሊያስረኝ ነበር» አላት። ሀኒፋ ፊቷን በተከናነበችው ቶብ ሸፈነች።

እሱን ይዘውት ሲሄዱ ወሰንየለሽ ደስታ አልተሰማትም። ጣቢያ ስትደርስ የኒዕማን መፈቻ ወረቀት የሚፈርመው ሰው ወጥቷል፣ ቡክራ ነይ ተባለች። አልሄድም ብላ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ፈራሚው ተመልሶ ፈረመ።

ኒዕማ ነጠላ ጫማዋን እየጎተተች ወጣች። ገዳዩ ማን እንደሆነ አልጠየቀችም።

«ሀጅ ተቀበሩ?» አለች። «የነገረኝ ሰው የለም።»

ወሰንየለሽ መቀበራቸውን ነገረቻት። ኒዕማ ያኔ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ቁጭ ብላ፣ ሰባት ዓመት ላገለገለቻቸው ሰው አለቀሰች።