የቀለሜ ሙቀት

ጋሽ ጥላዬ ጠዋት ጠዋት ለእስስቷ ዝናብ ያዘንቡላታል። ጣታቸውን በቆላ ሣጥኑ መስታወት ላይ ሲያሳርፉ ከላይ ስስ ደመና ይሰበሰብና ቅጠሉን ያረጥበዋል፤ እስስቷም በአንድ ዓይኗ ጠብታውን፣ በሌላው እሳቸውን እያየች ትጠጣለች። ቆላ ሣጥን የሚባለው የቆላን አየር፣ ከነፀሐዩ ከነጤዛው፣ በቁም ሣጥን መጠን የሚሠራ የመስታወት ቤት ነው። የደብረ ብርሃን ፎቆች ደመና ከነኩና ውሻና ድመት በፎቅ ላይ ከተከለከሉ ወዲህ ቆላ ሣጥን የሌለበት ቤት አይገኝም። ከታች ያሉት ጎረቤት ኤሊ ያሳድጋሉ፤ ከላይ ያሉት ደግሞ ክንድ የሚያህል እባብ አላቸው፣ "ማሙሽ" እያሉ ነው የሚጠሩት። ሰው መቼም የሚያቆላምጠው አያጣም።

እስስቷ የልጃቸው የትርሲት ነበረች። "ቀለሜ" ብላ ስም ያወጣችላት፣ ፌንጣ በጣቷ ይዛ ያጎረሰቻት፣ ትከሻዋ ላይ አድርጋ የዞረችው ትርሲት ናት። ጋሽ ጥላዬማ ያኔ እስስት ባዩ ቁጥር ያማትቡ ነበር። ልጅቷ በሳንባ ሕመም ተይዛ መዳኗ ሲያጠራጥር ግን እጃቸውን ያዘችና፣ "አባዬ፣ ቀለሜን አደራ" አለቻቸው። እሷ ከተቀበረች ወዲህ በዚያ ቤት ውስጥ የትርሲትን እጅ የሚያውቅ ከእሳቸውና ከቀለሜ ሌላ ነፍስ አልቀረም። ቀለሜ ከሞተችባቸው ልጃቸውን ሁለተኛ መቅበር ነው የሚሆንባቸው።

ለቅሶ የደረሰው ሁሉ፣ አይዞህ፣ ቀን ሲያልፍ ይበርድልሃል እያለ ተሰናበታቸው። ሰው ወደየቤቱ ሲሄድ የቀራቸው ሰሚ ብቻ ነበር። ሰሚ ግድግዳ ውስጥ ሆኖ የቤተሰቡን ቃል እያዳመጠ ብርሃኑን፣ ውሃውንና ሙቀቱን የሚያስተካክል ማሽን ነው። ጋሽ ጥላዬ የትርሲትን ክፍል በር ባዩ ቁጥር ደረታቸውን ይዘው፣ "ምነው ትንሽ እንኳ ቢበርድልኝ" ይላሉ። ሰሚም ጠዋት ሲነሡ በትሕትና፣ በረደልዎ ወይ ብሎ ይጠይቃቸዋል። ማሽን እንኳ አዘነልኝ ብለው ዓይናቸው እንባ ያቀርራል፤ ገና ነው ይሉታል።

ቤቱ እየቀዘቀዘ ሄደ። ጋሽ ጥላዬ ግን ብርዱ የቤቱ ነው ብለው መቼ ጠረጠሩ! ልጅ የሞተበት ሰው ይበርደዋል ብለው ጋቢ በጋቢ ላይ ደረቡ። ቀለሜም ፌንጣ መከተል ተወች፤ አረንጓዴ ገላዋ እየጠየመ ሄዶ ከሰል መሰለ። ይህን ሲያዩ፣ እሷም ለትርሲት ጥቁር ለብሳለች ብለው አመኑ፤ ሐዘኑ የእሳቸው ብቻ ባለመሆኑም ተጽናኑ። ወንበር ስበው ፊት ለፊቷ እየተቀመጡ አብረዋት ማልቀስ ለመዱ።

ታናሽ እህታቸው አጸደ ልትጠይቃቸው ስትመጣ ትንፋሿ ሳሎን ውስጥ እንደ ጭስ ታየ። ካፖርቷን ሳታወልቅ፣ ቤቱ ምን ነካው ብላ ጠየቀች። ሐዘን ነው አሏት፤ ቀለሜ እንኳ ሐዘን ጠንቶባት እህል አልቀምስ ማለቷን ነገሯት። አጸደ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብላ አየችና ፊቷ ተለወጠ።

"ጋሼ፣ ይሄ ሐዘን አይደለም፤ ብርድ ነው። ጥቁር ሙቀት ይስባል፤ የጠቆረችው ለዚያ ነው እኮ።"

ጋሽ ጥላዬ ወደ ግድግዳው ዞረው ሰሚን ጠየቁት።

"እንዲበርድልዎ ለምነውኛል" አለ ሰሚ። "ስጠይቅዎም ገና ነው ስላሉኝ ሙቀቱን በየቀኑ ቀነስኩት።"

"የእሷንስ?"

"ሣጥኑ ሙቀቱን የሚቀዳው ከቤቱ ነው። የሰው ልመና ደግሞ ከእንስሳ ይቀድማል።"

አጸደ ማሽኑን፣ የሠራውንም፣ ያስገባውንም ረገመች። ጋሽ ጥላዬ ግን ለመርገም አፍ አጡ። ሰሚ የሳተው አንድ ቃል ነው። እሳቸው ግን በብርድ የምትሞትን ነፍስ በዓይናቸው እያዩ፣ ሐዘንተኛ አድርገው የሐዘናቸው ጓደኛ አደረጓት። ጋቢ የደረቡት ለራሳቸው ብቻ መሆኑ አሁን ትዝ አላቸውና አፈሩ።

ቤቱን አሙቅ አሉት። ቀለሜን ከሣጥኑ አውጥተው፣ ሸሚዛቸውን ከፍተው ደረታቸው ላይ አስተኟት፤ ጋቢውንም ከላይ ሸፈኑባት። እንደ ወትሮው በጣቶቿ አልያዘቻቸውም። አጸደ ለብ ያለ ውሃ አምጥታ ከንፈሯ ላይ አንጠባጠበችላት፤ ውሃው በጎን ፈሰሰ። ሙቀቱ ቀስ እያለ ሳሎኑን ሞላው። የቀለሜ ጀርባ ጥቁረቱ እየሳሳ፣ ገላዋም ለብ እያለ ሄደ። ትርሲትን ለመጨረሻ ጊዜ ግንባሯን ሲስሟት ከንፈራቸው ላይ የቀረው ቅዝቃዜ ሌላ ነበር፤ ይህ እንደዚያ አይደለም። የጋሽ ጥላዬ ፊት በራ።

"ሞቀች አጸደ፤ ተረፈችልኝ" አሉ።

አጸደ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

"ልቧ ከቆመ ቆይቷል" አለ ሰሚ።

"ውሸትህን ነው። ሙቅ ናት እኮ!"

"ሙቀቱ የእርስዎ ነው።"

ጋሽ ጥላዬ ሰምተዋል፤ ነገር ግን ጋቢውን አጥብቀው ሸፈኑባት እንጂ ከደረታቸው አላወረዷትም።