ክፍት የቀረው ንባብ

«እህቴ፣ ቻርጁን አደራ።»

«ካርድህን እንዳትጥል።»

ምልክቱ ይኸው ነው። ነቢል ስልኩን በሐጀራ ኪዮስክ መስኮት አቀብሎ ወደ ማረሚያ ቤቱ በር አዘገመ። እስረኛ ጠያቂ ስልክ ይዞ ስለማይገባ እሷ ጋ አስቀምጦ የመረከቢያ ካርድ ይይዛል። ለቃሊቲ ሰው ስልክ ጠባቂ ናት። ለስለላ መሥሪያ ቤቷ ግን በምስጢር ስሟ «ማገር» ናት።

ስልኩ ውስጥ የመሥሪያ ቤቱ ፕሮግራም ጸሐፊ ነቢል ያዘጋጀው የኮድ ጥገና አለ። ስድስት ሰዓት ላይ የመደበቂያው ቤት ይቀየራል፤ ከመሣሪያ አዘዋዋሪዎቹ መሃል የምታመልጠው ሰላያቸው ዳሲቱም ያኔ ፕሮግራሙን አድራሻ ትጠይቃለች። አድራሻው ያለው ኢንቫይሮንመንት ቫሪያብል በሚባል፣ የፕሮግራሙ ክፍሎች ሁሉ በጋራ በሚያነቡት ቦታ ውስጥ ነው። ፕሮግራሙ ጎን ለጎን ከሚያስኬዳቸው ሥራዎች፣ ከክሮቹ፣ አንዱ ሲቀይረው ሌላው ክር ከደረሰ፣ የተጣለውን አሮጌ አድራሻ ሊያነብ ይችላል። አሮጌው ቤት ደግሞ የአዘዋዋሪዎቹ ገዳዮች አድፍጠውበታል።

ባልደረባዋን ጂራታን ያስበላው ይሄው ነው። «ግባ፣ ቤቱ ሰላም ነው» ያለችው ራሷ ሐጀራ ናት። የጂራታ ድምፅ እስከ ዛሬ ከጆሮዋ አልወጣም።

ከመላኳ በፊት ልታጣራው ስልኩን ከላፕቶፗ ጋር አገናኝታ ኮዱን አየች። ፕሮግራሙ በሚጠቀምበት የሲ ቋንቋ የኮድ ስብስብ ውስጥ፣ አድራሻውን የሚቀይረው ክፍል ተቆልፏል። ጥሩ። የሚያነበውስ?

ክፍት።

ኧረ ተው ነቢል! ሁለቱም አንድ ቁልፍ ካልጠበቁ መቆለፉ ምን ሊረባ? ይሄ ስህተት አይደለም፤ ሆን ተብሎ ነው። የሚያነበውም ያንኑ ቁልፍ እንዲይዝ፣ አድራሻውን ለራሱ ገልብጦ ሳይጨርስም እንዳይለቅ አድርጋ ጻፈችው።

«ነካሽው?»

ነቢል መስኮቱ ላይ ቆሟል። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ለማን ሸጥከን?»

«አዘዋዋሪዎቹ ፈርዶሳን ይዘውብኛል። ባለቤቴን። ዳሲቱ ካመለጠች ይገድሏታል። በፈጠረሽ፣ እንደነበረ ተይው!»

«ፈርዶሳን ሰዎቻችን ፈልገው ያወጧታል።»

«እስከዚያ የት በሕይወት ትቆይልኛለች?»

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ነው።

ያረመችውን ኮድ ላከችው።

ነቢል መስኮቱ ሥር ቁጭ አለ። ምሳ ያንጠለጠለች ሴት በላዩ ተንጠራርታ ስልኳን ዘረጋች፤ ሐጀራም ተቀብላ ካርድ ሰጠቻት። ሌላ ምን ታድርግ?

አመሻሽ ላይ አለቃዋ ወልደሚካኤል ደወለ።

«ዳሲቱ በሰላም አዲሱ ቤት ገብታለች። ማንነትሽ ታውቋል፣ አንቺ ከዚያ ውጪ።»

«ፈርዶሳስ?»

«አልደረስንላትም።»

አሁን ሳሪስ አቦ ገበያ በሌላ ስም ሻሽ ትሸጣለች። ማንነቷን የጠየቃት የለም። ፈርዶሳን አንድም ቀን አይታት አታውቅም። ለዚህ ነው ሻሽ ልትለካ ጎንበስ ያለች ሴት ሁሉ ቀና ስትል እሷን የምትመስላት።