ጥላዋ የጠፋባት ልዕልት

በናርዳም መንግሥት፣ በመከር በዓል ማለዳ፣ ልዕልት ኤልሳፌር ከቤተ መንግሥቱ ሰገነት ላይ ቆማ ሕዝቡን እጅ ነሳች። የሌላው ሁሉ ጥላ በድንጋዩ ንጣፍ ላይ ረዝሞ ተጋድሟል፤ የእርሷ ግን የለም።  ታናሽ እህቷ ሰርዲት ሮጣ እጇን ስትይዝ፣ የራሷ ጣቶች በእህቷ መዳፍ ውስጥ አልፈው ታዩዋት።

ሰርዲት ጥቁር ነበረች። በናርዳም ቤተ መንግሥት ይህ እንደ ነውር ይቆጠራል። ሴት ልጅ ከተወለደች ጀምሮ በሐሊብ ምንጭ ውሃ ትታጠባለች፤ ውሃውም መልኳን ያቀላዋል። ሰርዲትን ግን ውሃው አልያዛትም። እናቷ እቴጌ ናህሊት ተስፋ ቆርጠው፣ የባዕድ መልእክተኞች በመጡ ቁጥር «አንቺ ጓዳ ቆዪ» ይሏት ነበር።

ሽማግሌው ጠቢብ ኬዳር በእቴጌዪቱ ፊት ቆመው እንዲህ አሉ፦ «እቴጌ ሆይ፣ ውሃው የሚያስውበን መስሎን ነበር፤ ለካ ሲበላን ኖሯል። በምንጩ ውስጥ የሚኖረው ዘንዶ የታጠበበትን ሰው ተራ በተራ ከጥላው ጀምሮ ይውጠዋል። ምንጩ ካልተዘጋ ልጅዎ እንደ ጉም ተንና ትጠፋለች። ውሃው የያዘው ሰው ወደዚያ ቢሄድ ዘንዶው ይጠራዋል፤ እምቢ ማለት አይችልም። የምንጩን አፍ የሚዘጋውን መክደኛ ድንጋይ መግፋት የሚችለው የሴት እጅ ብቻ ነው፤ የነካውም እጅ እንደ ነበረ አይመለስም።»

በአዳራሹ ካሉት ልጃገረዶችና ወይዛዝርት ውሃው ያልያዛት አንዷ ብቻ ነበረች።

«የአባቶቼ ዙፋን ይስማኝ» አለች ሰርዲት፤ «ምንጩን ሳልዘጋ እግሬ ይህን ደጃፍ አይረግጥም።»

እቴጌዪቱ አንገታቸውን ደፉ እንጂ አልከለከሏትም።

አብሯት የወጣው ጎራድ የሚባል፣ ከባሕር ማዶ የመጣ ሽበታም ጦረኛ ነበር። መልኩ የገረጣ ነው። የዝሆን ሸለቆን ሲሻገሩ ሰርዲት ጠየቀችው፦ «እርስዎስ ጎራድ፣ አገርዎን ለምን ተዉት?»

«በእኛ አገር ውበት ማለት ጥቁረት ነው፣ እመቤቴ» አለ። «እንደ እኔ ነጣ ብሎ የተወለደ ልጅ ሕመምተኛ ነው ይባላል። የምወዳት ልጅ አባት መልኬን አይቶ በሩን ዘጋብኝ። እዚህ ስመጣ ደግሞ ሰዎች ስለ መልኬ ያመሰግኑኝ ጀመር። ያኔ ለብዙ ቀን ሳቅሁ፤ ከዚያ ግን አለቀስሁ።»

 ሰርዲት ከዚያ በኋላ በቅሎዋን ከእርሱ በቅሎ አጠገብ አድርጋ ነዳች።

ምንጩ ዘንድ ሲደርሱ ውሃው ወተት መስሎ ይፈላ ነበር። ዘንዶው ራሱን አወጣና በለሰለሰ ድምፅ ተናገረ፦ «ሰርዲት፣ አንድ ጊዜ ብቻ ጥለቂ። እናትሽ ከእንግዲህ አይደብቁሽም። አንተም ጎራድ ና፤ የተመኘኸውን ጥቁረት እሰጥሃለሁ።»

 ሰርዲት እናቷ በአደባባይ እጇን ይዘው ሲሄዱ ታያት፤ ይህን ከልጅነቷ ጀምሮ ተመኝታዋለች። አንድ እርምጃ ወደ ውሃው ቀረበች። ከዚያ በእህቷ መዳፍ ውስጥ ያየቻቸው የራሷ ጣቶች ትዝ አሏትና ቆመች።

«ያማረኝ እናቴ እንጂ የምትሰጠኝ መልክ አይደለም» አለችው።

ጎራድ ጦሩን ሰብቆ በዘንዶው ላይ ወረደ። ዘንዶው ወደ እርሱ ዞሮ እግሩን ሲነክሰው፣ ሰርዲት ቀኝ እጇን እስከ ትከሻዋ ውሃው ውስጥ ከትታ መክደኛውን ድንጋይ ጨበጠች። ውሃው እንደ እሳት ፈጃት። ጥርሷን ነክሳ ገፋች፤ ድንጋዩም ገጠመ። ዘንዶው ከውሃው ጋር አብሮ ደርቆ እንደ ኖራ ፈረሰ። ጎራድ እያነከሰ መጥቶ ሲያነሳት፣ ቀኝ እጇ ዳግመኛ እንደማይንቀሳቀስ ሁለቱም ዐወቁ።

ሲመለሱ ኤልሳፌር በር ላይ ቆማ ጠበቀቻቸው። የዳቦ ቅርፊት የመሰለ ጠይም ፊት አላት፤ ከእግሯ ሥር ጥላዋ ደምቆ ተዘርግቷል። ሰርዲት ጥላውን ዐይታ እዚያው ቁጭ አለች። ከሄደች ጀምሮ የያዘችው ትንፋሽ ያኔ ገና የወጣላት መሰላት።

እቴጌ ናህሊት ቀስ ብለው መጡ። የእርሳቸውም መልክ ተመልሷል፤ ከሰርዲት እንኳ ይጠቁራሉ። አጠገቧ መሬት ላይ ተቀምጠው የሞተውን እጇን በሁለት እጃቸው ያዙት። 

«ዛሬ ጠዋት መስታወት አየሁ» አሉ። «እናቴን መስያለሁ። መልኳን ረስቼው ነበር።»

«አያቴ ቆንጆ ነበሩ?» አለች ሰርዲት።

«በጣም» አሉ እቴጌዪቱ።