የጎደሉት ሰባት ዘፈኖች

አንድ ሺህ ስምንት መቶ ሠላሳ ዘጠኝ።

መርማሪ በወንድሟ ኮምፒውተር ስክሪን ጥግ ያለውን የዘፈኖች ቁጥር ደግማ አነበበችው። ከዚያ ጉልበቷ ላይ የዘረጋችውን ደብተር የመጨረሻ ገጽ አየች። አባቷ ሁልጊዜ ወደ ግራ በሚጋደመው ጽሑፉ የመጨረሻውን ዘፈን ቁጥር 1846 ብሎ መዝግቦታል። ሰባት ዘፈን የለም።

«ሰባት ጎድሏል» አለች፣ ወንድሟ ፊቱን ታጥቦ ወደ ክፍሉ ሲመለስ።

ሽቦ ፎጣውን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ መጣ። ስክሪኑን አየ፤ እሷን አየ፤ የኮምፒውተሩን ክዳን በቀስታ ዘጋው። «አባዬ ሲቆጥር ተሳስቶ ይሆናላ።»

«ሙድ አትያዝብኝ። አባዬ ነው የሚሳሳተው?»

እሱ ግን ፎጣውን ሊያሰጣ ወጥቶ ነበር።

ይህን ባይል ኖሮ ነገሩን ትተወው ነበር። አባቷ ፀጉር አስተካካይ ነበር፤ የደንበኞቹን ፀጉር በስንት ቁጥር ማሽን እንደሚቆርጥ አንዳቸውንም ሁለተኛ ጠይቆ አያውቅም። ዘፈኖቹን ከካሴት ወደ ስልኩ ሲገለብጥ የእያንዳንዱን ቁጥር፣ ቀኑን፣ የካሴቱን ቀለም ሳይቀር ይጽፍ ነበር። እንዲህ ያለ ሰው በሰባት አይሳሳትም።

መርማሪ የሚለውን ስም ያወጣላትም እሱ ነው። በስምንት ዓመቷ የስኳሩን ጣሳ ማን በድብቅ እንደሚከፍት ክዳኑ ላይ ከቀረ እርጥብ የጣት ምልክት ተነስታ ደረሰችበት። ጥፋተኛው ራሱ አባቷ ነበር። ከዚያ ወዲህ በእውነተኛ ስሟ የሚጠሯት አስተማሪዎቿ ብቻ ናቸው። ወንድሟን ደግሞ ቅጥነቱና ከኤሌክትሪክ ዕቃ የማይለይ እጁ ተጋግዘው ሽቦ አሰኝተውታል።

ነገሩ የተጀመረው በእናታቸው ምክንያት ነው። እናታቸው ልብስ ሰፊ ናት። አባታቸው ከሞተ ስድስት ወር ሆኖታል፤ እሷም ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናዋ ላይ ስትቀመጥ የእሱን ዘፈኖች በትንሿ ስፒከር ትከፍታለች። ዘፈኖቹ ግን ድምፃቸው እኩል አይደለም። የአባታቸው ቴፕ የገመድ መሰኪያው ተበላሽቶ ስለነበር፣ ስልኩን በማበጠሪያ ማስቀመጫው ላይ አስደግፎ ቴፑ ፊት ለፊት ነበር የሚቀዳው። ደንበኛ ሲበዛበት ስልኩን ገፋ ያደርገዋል፤ ሲቀልለት ያስጠጋዋል። ስለዚህ አንዱ ዘፈን ያንሾካሹካል፣ ቀጣዩ ይጮኻል። ባለፈው ሳምንት እናታቸው ለማይሰማው ብላ ድምፅ ስትጨምር የሚቀጥለው አስደነገጣትና የአንዲት ደንበኛ እጅጌ ላይ ስፌቱ ተንጋደደባት። ያን ቀን ሽቦ፣ ሁሉንም እኩል አደርግልሻለሁ አላት።

መርማሪን ያስጠረጠራት አሠራሩ ነው። ድምፁን እኩል የሚያደርገው የኮምፒውተር ፕሮግራም ሁለት መንገድ እንዳለው ሽቦ ራሱ ነግሯታል። በአንደኛው ዘፈኑ ሳይነካ፣ ይህን ከፍ አድርገህ አጫውት የሚል ማስታወሻ ብቻ ይለጠፍበታል፤ የእናታቸው ስፒከር ግን ማስታወሻ አያነብም። በሁለተኛው ድምፁ ራሱ ይቀየራል፤ ቅጂ ካልተቀመጠ ወደ ነበረበት አይመለስም። ቅጂ አስቀምጫለሁ አለ። የት ብላ ስትጠይቀው «አንቺ ደግሞ፣ ደረሰኝ ልስጥሽ?» ብሎ አለፋት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም ነገር አላምር አላት። እሷ ስትገባ የጆሮ ማዳመጫውን ቶሎ ያወልቃል። ድግስ ላይ ሙዚቃ የሚያጫውት ጓደኛው በአንድ ሳምንት ሁለት ጊዜ ፍላሽ ይዞ መጥቷል። እናታቸው መቼ ነው የሚያልቀው ስትለው ትንሽ ይቀረኛል ይላል፤ አራት ቀን ሙሉ ትንሽ ይቀረዋል። ከአባቷ ካሴቶች ውስጥ ሌላ ቦታ ተፈልገው የማይገኙ አሉ። ሰባቱን ለጓደኛው አሳልፎ ሰጥቶ ቢሆንስ? ወይስ አበላሽቷቸው ነው የሚደብቀው?

በዚያ ላይ ልማድ አለበት። አባታቸው ከመሞቱ በፊት በነበሩት ወራት ሽቦ ከኮሌጅ ይቀር ነበር። እሷ በሯን ዘግታ ለፈተና ብታጠናም ይህ አላመለጣትም። የኮሌጁ መንገድ ቀይ አቧራ ጫማው ላይ እንደሌለ አይታ ለአባቷ ነገረችው። አባቷ፣ እሺ መርማሪዬ እናጣራለን አላት። ምንም አላጣራም።

ከሰዓት በኋላ እናታቸው ሽቦን ክር እንዲገዛላት ላከችው። መርማሪ የግቢው በር እስኪዘጋ ጠብቃ ኮምፒውተሩን ከፈተች። የይለፍ ቃሉ የገዛ የልደት ቀኑ ነበር። ሰባቱን ለማግኘት አምስት ደቂቃ እንኳ አልፈጀባትም፤ ለብቻቸው አንድ ፎልደር ውስጥ ተደርድረዋል። አልጠፉም።

የገረማት ርዝመታቸው ነው። ሌሎቹ ዘፈኖች አራት፣ አምስት ደቂቃ ናቸው፤ እነዚህ ሃያ፣ ሠላሳ፣ አንደኛው አርባ አንድ ደቂቃ ይላል። የመጀመሪያውን ከፍታ የጆሮ ማዳመጫውን አጠለቀች። ዘፈኑ አለቀ። ካሴቱ ቀጭ ብሎ ቆመ። ስልኩ ግን መቅዳቱን ቀጥሏል፤ አባቷ ሥራ ይዞት ረስቶታል። ከዚያ ወዲያ ያለው ዝምታ ሊባል ምንም አይቀረው፦ መቀስ፣ ሲጢጥ የሚል ወንበር፣ ከሩቅ የሚሰማ የደንበኛ ሳቅ።

ነገሩ ገባት። ፕሮግራሙ የሚለካው የጠቅላላውን አማካይ ድምፅ ነው፤ በዚህ ሁሉ ዝምታ ተታልሎ ዘፈኑን ከመጠን በላይ ሊያስጮኸው ነው። ሽቦ ለብቻ ያስቀመጣቸው ለዚህ ነው። ጥሩ ምክንያት ነው። ታዲያ ይህን ለመናገር ምን አስፈራው? አባዬ ተሳስቶ ነው እስከ ማለት ምን አደረሰው?

ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን እየዘለለች ሰማች። መቀስና ወንበር፣ መቀስና ወንበር። የመጨረሻው አርባ አንድ ደቂቃ የሚለው ነበር። ዘፈኑን አሳልፋ ድምፁን እስከ ጫፍ ጨመረችው።

«አንገትህን ቀና አድርግ» አለ አባቷ።

ከጀርባዋ የቆመ ያህል ነበር የተሰማት። ዞር ልትል ምንም አልቀራትም።

መቀሱ ትንሽ ሠራና ቆመ። «ሐኪሙ ያለኝ ሦስት ወር ነው። ቢበዛ አራት።» ወንበሩ ሲጢጥ አለ። «አትዙር፣ ጆሮህን እቆርጠዋለሁ።» መቀሱ እንደገና ጀመረ፣ ቀስ ብሎ። «ለእናትህ ራሴ እነግራታለሁ፤ አሁን አይደለም። ሆስፒታል ግን ብቻዬን መመላለስ አቃተኝ። ያችን ልጅ እንዳታስደነግጣት። ፈተናዋን ትጨርስ።»

«ትደርስብኛለች» አለ ሌላ ድምፅ። የሽቦ ነው፤ እንዲህ አንሶ ግን ሰምታው አታውቅም።

«ትደርስብሃለች» አለ አባቷ፣ ሳቅ እየተናነቀው። «እስክትደርስብህ ቻለው።»

ከዚያ በኋላ የቀረው የመቀስ ድምፅና አፍንጫውን የሚስብ ሰው ነው። መርማሪ እስከ መጨረሻው ሰማችው። በእነዚያ ወራት ከክፍሏ የምትወጣው ለሁለት ነገር ነበር፤ ለምግብና፣ አባዬ ሙዚቃውን ቀንስልኝ ለማለት። እሱም ይቀንስላት ነበር። ፈተናዋን በጨረሰች ማግስት ነገሯት። በስድስተኛው ቀን ሞተ።

የጆሮ ማዳመጫውን ስታወልቅ ሽቦ ክሩን እንደያዘ በሩ ላይ ቆሟል። ምን እየሠራሽ ነው አላላትም።

«የትኛውን ሰማሽ?»

«ረጅሙን።»

መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ፣ ከጎኗ ተቀመጠ። የቅጂውን ጅራት ቆርጦ ዘፈኑን ብቻ ለማስቀረት አራት ቀን እንደታገለ ነገራት። መቁረጫውን ቦታው ላይ ያደርሰዋል፤ ከዚያ መቀሱን ይሰማና ይተወዋል።

«ሦስት ወር ሙሉ» አለችው። «በየቀኑ ራት ላይ ፊቴን እያየህ።»

«እሱ ነው እንዲህ አድርግ ያለኝ።»

«አንተስ? አንተ ምን አልክ?»

ሽቦ የክሩን ጫፍ ጣቱ ላይ ጠመጠመው። ኮሌጅ ይቀራል ብላ የከሰሰችው ጊዜ አባታቸው የሆስፒታል ወረፋ ላይ ሆነው እንደነገረው፣ ነገ ወደ ቤት ስትገባ ጫማህን አቧራ ላይ ጎተት አድርገው እንዳለው አወራላት። ሁለቱም ሲስቁ ነርሷ ተቆጥታቸው ነበር። መርማሪ ሳቋ መጣ፤ ንዴቷም አብሮ መጣ። እሷ ያልነበረችበት ሳቅ ነው። መልሰው የማይሰጧት ሦስት ወር ነው።

ሳሎን ውስጥ የስፌት መኪናው ቆመ። እናታቸው ክሩ መጥቶ እንደሆነ ጠየቀች፤ ዘፈኖቹስ አለቁ ወይ አለች።

ሽቦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለእሷ የነገራት ከእኔ ወር ቆይቶ ነው። ቀድሜ ማወቄን አታውቅም። አንድ ቃል ብቻ በይኝ፣ አሁኑኑ ቆርጬ እጥለዋለሁ።»

መርማሪ ስክሪኑን አየች። አንድ ጊዜ መጫን ነው። ዘፈኑ ይቀራል፤ ከሌሎቹ ጋር እኩል ይሆናል፤ ቁጥሩም ከደብተሩ ጋር ይገጥማል። እናታቸው፣ ያን ሁሉ ሕመም ብቻውን ተሸከመው እያለች ለጎረቤት ታወራለች፤ እነሱም ከጎኗ ተቀምጠው ይሰማሉ። ከነገ ጀምሮ ራት ላይ የእናቷን ፊት እያየች የምትበላው መርማሪ ራሷ ትሆናለች።

«ሁሉም ገባ ወይ?» አለች እናታቸው ደግማ።

«ሰባት ይቀራል፣ እማዬ» አለች መርማሪ።

ሽቦ ክንዷን ያዘ። አላስለቀቀችውም።

«ስፌቱን ስትጨርሺ ነይ። አብረን የምንሰማው ነገር አለ።»

መኪናው ለአፍታ ቀጠለ፤ ከዚያ ስፌቱ መሐል ላይ ቆመ። ወንበር ሲገፋ ተሰማ፤ የነጠላ ጫማ ኮቴ ወደ ክፍሉ መጣ። መርማሪ የጆሮ ማዳመጫውን ገመድ ከኮምፒውተሩ ነቀለች። ከዚያ አልጋው ላይ ወደ ወንድሟ ጠጋ ብላ አንድ ሰው የሚያስቀምጥ ቦታ ለቀቀች።